የፈረድኩበት ሰው ቤት አምስት ቀን

አዲስ አበባ ደርሼ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጎረቤቶቼ ስለ አዲሶቹ መንገዶችና ስለ መብራቱ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ አፌ የሚቀናው ስለ አንድ ቤተሰብ ለማውራት ነው። ያን ያህል መንገድ ለመሄድ ዕድሜውም ጉልበቱም የሌላችሁ የሰፈሬ ሰዎች በቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት ሁሉንም ቀን በቀን ለያይቼ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሄድኩ። ጡረታ ወጥቼ ዲላ ከመኖሬ በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ ዳኛ ነበርኩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ደረጀ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት ፊቴ ቀረበ። በበዓል ማግስት ጠብ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰው በዱላ መትቶ ዓይኑን አጥፍቶበታል። ጥፋቱን አምኗል። ውሳኔውን ጽፌ የመጣሁት አምስት ዓመት ብዬ ነበር። ወረቀቱን ሳነሣ ግን ልጁ ሳቀ። ጥርሱ በሙሉ ታየኝ። ደሜ ፈላ፤ አፌን ስከፍት «ሰባት ዓመት» አልኩ። ወረቀቱን በኋላ አስተካከልኩት። ማንም አላወቀም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ፍርድ ቀን ሲነበብ አንገቴን እደፋለሁ። ፍቅርና ፍርድ በአንድ አምላክ ዘንድ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ አይገባኝም ነበር። ዳኛ ሲባል የማውቀው ራሴን ነው። እግዚአብሔር እንደ እኔ የሚፈርድ ከሆነ ወዮልን። ጨርሶ የማይፈርድ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ዓይኑ የጠፋው ሰው ማን አለው?

ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ ታደሰ፣ ደረጀ ነኝ። እርስዎ የፈረዱብኝ» አለኝ። ስልኬን ያገኘው ከአንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቂርቆስ እንደሚኖር፣ ሚስቱ ወንድ ልጅ እንደ ወለደች፣ አርባ ቀኑም እሑድ እንደሚሞላ ነገረኝና፣ «የክርስትና አባት እንዲሆኑልኝ ነው የደወልኩት» አለ። ባለቤቴ አስካለ «ይህማ ክብር ነው፣ ሂድ እንጂ!» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ልነግረው እንደሚገባኝ እያሰብኩ ነው ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት።

ሐሙስ በማለዳ ተነሣሁ። አስካለ ለአራሷ ቡላ፣ ለቤቱ ደግሞ አንድ ፌስታል አቮካዶ አስያዘችኝ። ከዲላ እስከ ሐዋሳ ድረስ ያለው አረንጓዴ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሻሸመኔን ካለፍን በኋላ ግን ሜዳው ተዘረጋ፣ ዛፉ ሁሉ ግራር ሆነ፣ አቧራው በመስኮት ገባ። እዚያ ሜዳ መሐል ጎማችን ፈነዳ። አንድ ሰዓት ያህል ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ አጠገቤ የነበረች ሴት የያዘችውን ቆሎ ለሁላችንም አደለችን። ዝዋይ ላይ ዓሣ በላን። አጥንቱን እየለቀምኩ ስበላ አስተናጋጇ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ መኪናው ጥሎዎት አይሄድም» አለችኝ፤ ሹፌሩ ከእኔ ቀጥሎ ተቀምጦ ሁለተኛ ዓሣ እየበላ ነበርና።

ቃሊቲ ወርደን ከተማ ባቡር ያዝኩ። ደረጀ «ስታዲየም ይውረዱ፣ እዚያ እጠብቅዎታለሁ» ብሎኛል። ባቡሩ ውስጥ ሰው እንደ ጤፍ ተሞልቶ እጅ ማንሣት እንኳ አይቻልም። ስታዲየም ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ለካ ባቡር እንደ ታክሲ አይቆምም። በሩ ተዘጋና ለገሃር ወሰደኝ። ስወርድ ኮቴ በአቮካዶ ተለውሷል። የስልኬ ባትሪም አልቋል።

መንገድ ዳር ካልሲ የምትሸጥ አንዲት ሴት ግራ መጋባቴን አይታ፣ «ፋዘር፣ በቃ እዚህ ቁጭ ይበሉ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ ልደውልልዎት» አለችኝ። ፋዘር ተብዬ አላውቅም። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ መያዜ በጀኝ። የራሷን መቀመጫ ሰጥታኝ፣ ኮቴን በጨርቅ እየጠረገችልኝ፣ ደረጀ እስኪመጣ አጫወተችኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ መንገድ ቢጠፋው አጠገቡ ያለው ሰው ቤት ይገባል፤ ለገሃር ላይ ቤት የለም እንጂ እንግዳ ተቀባይ አለ።

ደረጀን ባላወቅኩት ነበር። ያ ቀጭን ልጅ ትከሻው ሰፍቷል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። ሻንጣዬን ተሸክሞ በእግራችን ቂርቆስ ገባን።

ቤቱ ብዙ አባወራ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቱ ፍሬሕይወት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ከደጅ ጀምራ «እንኳን ደህና መጡ አባባ» እያለች ተቀበለችኝ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ፍራሽ ላይ ሊተኙ ነው። አራስ ከአልጋዋ አስወርጄ አልተኛም ብዬ ተሟገትኩ። «ዳኛ እኮ እርስዎ ነበሩ፣ እዚህ ቤት ግን እኔ ነኝ» ብላ ረታችኝ። የቡላውን ገንፎ ራሱ ደረጀ አገነፋና አብረን በላን። በስስ ግድግዳው በኩል የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። ዲላ ማታ የምሰማው ዝናብ የሙዝ ቅጠል ላይ ሲወርድ ነው፤ እዚህ አንድ ሙሉ ድራማ ሳላይ ተከታተልኩ።

እየበላን ሳለ «ለምን እኔን መረጥክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ደረጀ እጁን ታጠበና አሰበ። «አባቴን አላውቀውም። የንስሐ አባቴ ‹ለልጅህ እውነቱን የሚነግረው ሰው ፈልግለት› አሉኝ። ማለቴ፣ ዘመድ አይደለም፣ ሀብታም አይደለም፣ እውነቱን የሚነግረው ሰው። ባስብ ባስብ እርስዎ መጡብኝ። ያን ቀን ያን የመታሁትን ሰውዬ ቀድመው አናገሩት። እኔንም ‹ቀና በልና ዓይኑን እየው› አሉኝ። ከዚያ ደግሞ እኔ ስናገር አንዴም አላቋረጡኝም። ተናደው አይደለም የፈረዱብኝ፣ በትክክል ነው።»

በዚያች ሰዓት ልነግረው ይገባ ነበር። ፍሬሕይወት ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ድፍረቱ ጠፋኝ።

ዓርብ ከደረጀ ጋር ካዛንቺስ ሄድን። ፍሬሕይወት ያደገችው እዚያ ነው፤ አብዛኛው ሰፈር ቢፈርስም አክስቷ አንድ ጥግ ላይ ቀርተዋልና እሳቸውን መጥራት ነበረብን። የክርስትናውን ነጭ ልብስም መግዛት። መንገዱ ሰፊ ነው፤ እግረኛው የሚሄድበት ራሱ የዲላን ዋና መንገድ ያህላል። አበባ ተተክሏል፣ መቀመጫ ተደርድሯል። ደረጀ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ፣ «የእነ ፍሬ ቤት እዚህ አካባቢ ነበር፤ አሁን የቱ ጋ እንደሆነ እሷም አታውቀው» አለኝ። አክስቷ እንዲህ ባለው ነገር ብዙም አላዘኑም፤ ስለ ሕፃኑ ክብደት ነበር የሚጠይቁን።

ከአክስቷ ቤት ስንመለስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። እንደ ምላስ እየተንጠለጠለ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄድኩ። ደረጀ ክንዴን ይዞ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ወዳለበት ጠባብ መንገድ አስገባኝ። ሰውዬው ጫማዬን ተቀብሎ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰጠኝ፤ እኔና ደረጀ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ እግሬ በጫማ፣ አንዱ በነጠላ ጫማ። ለምን በዚያች ሰዓት እንደ ደፈርኩ አላውቅም። ምናልባት ዳኛ ዳኛ ስላልመሰልኩ ይሆናል።

«ደረጀ፣ ያን ቀን የሳቅከው ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

«የቱን ሳቅ?»

«ልፈርድብህ ወረቀቱን ሳነሣ ሳቅክ። ወረቀቱ ላይ የነበረው አምስት ዓመት ነው። በሳቅህ ተናድጄ ሰባት አልኩ።»

ጫማ ሰፊው መዶሻውን ያዝ አደረገ። ደረጀ መሬት መሬቱን አየ። «ትዝ አይለኝም» አለ ቆይቶ። «ስደነግጥ ግን ጥርሴ ይገለጣል። ፍሬ ምጥ ላይ ሆና ደጅ ቆሜ እስቅ ነበር፤ ነርሷ ተቆጥታኛለች።» ቀጥሎ የተናገረው በጣም በቀስታ ነው። «እናቴ የሞተችው እስር ቤት ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው። አልቀበርኳትም።»

ዳኛ የነበረ ሰው ይህን ለማስላት ወረቀት አያስፈልገውም። አምስት ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱን ጨርሶ በአመክሮ ይወጣ ነበር፤ እናቱ በሞተች ጊዜ ከወጣ ስድስት ወር ይሆነው ነበር።

ጫማዬ ተሰፍቶ ሲያልቅ በታክሲ ተመለስን። ግቢው በር ድረስ አድርሶኝ «ሥራ አለኝ» ብሎ ሄደ። ፍሬሕይወት የጾም ሽሮ አቀረበችልኝ። ጥሩ ሽሮ ነበር፣ ግን ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውኩት። ደረጀ ሲመለስ እኔ ጋደም ብዬ ነበር፤ ድምፁን ሰማሁ እንጂ ወደ እኔ አልገባም።

ቅዳሜ ስነሣ ወጥቷል። ሻንጣዬን ማስተካከል ጀመርኩ። የክርስትና አባት መሆን የሚገባው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ተረድቼዋለሁ፤ ማንንም ሳላስጨንቅ ልሄድ ነበር። ፍሬሕይወት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«የት ሊሄዱ ነው አባባ?»

«ወደ አገሬ ልመለስ። ደረጀ ቢነግርሽ ምክንያቱን ትረጅዋለሽ።»

«ነግሮኛል» አለች። «ማታ አልቅሷል፣ አልዋሽዎትም። በጣም ተናዷል። ጠዋት ሲወጣ ግን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ቁርስ ሳይበሉ እንዳይወጡ› ነው ያለኝ።» ሻንጣውን ከእጄ ወስዳ ከአልጋው ሥር አስገባችው። «ይቀመጡ። እንቁላል ጠብሻለሁ።»

እየበላሁ ስልኳ ጮኸ። ደረጀ ነበር። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የሥራ ቦታው እንድመጣ ይፈልጋል።

ደረጀ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ነው፤ ሙያውን የተማረው እስር ቤት ነው። ቡልጋሪያ፣ ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ማስቲሽ የሚሸት አንድ ጠባብ ክፍል አለው። ከአንድ መኪና የተፈቱ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። በአንዱ እኔን አስቀመጠኝ፣ በሌላው እሱ ተቀመጠ።

«‹ምንም አይደለም› ልልዎት ፈልጌ ነበር» አለ። «ትናንት ማታ ለራሴ ተለማመድኩት። እምቢ አለኝ። ምንም አይደለም ካልኩ፣ እናቴ ምንም አይደለችም ማለት ይሆንብኛል።»

«ልክ ነህ» አልኩት።

«አጥፍተዋል።»

«አጥፍቻለሁ።»

እጆቹን አየ። «ከእስር ስወጣ ያ ዓይኑን ያጠፋሁበት ሰውዬ ጋ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ‹ምንም አይደለም› አላለኝም። በቀረችው አንድ ዓይኑ እያየኝ ‹አጥፍተሃል። በል ተነሣ፣ ግባ› አለኝ። ቤቱ ገብቼ በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እኔ ሰው የሆንኩት። ‹ምንም አይደለም› ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ ማለቴ፣ ከበር እመለስ ነበር።»

ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ አንድ ሞተር ይነሣል፣ ይጠፋል፣ ይነሣል።

«እንግዲያው ፍረድብኝ» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም።

ደረጀ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እሱን ያን ቀን ያየሁትን ያህል ቆየ። «ሰባት ዓመት» አለ።

«ምን?»

«ሰባት ዓመት። ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ እየመጡ እኛ ቤት ይቀመጣሉ። ከእኛ ጋር ይበላሉ። ሲያጠፋ ይቆጡታል። ነፍስ ሲያውቅ ደግሞ እኔ ያደረግኩትንም፣ እርስዎ ያደረጉትንም ይነግሩታል። ያለ አመክሮ።»

«ደረጀ፣ እኔ እኮ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ይግባኝ ካለዎት» አለና ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አነሣ፣ «ወደ ላይ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ይሁን እኔ አላስታውስም። ስንስቅ ስናለቅስ አንድ ደንበኛ መጥቶ «ወንበሬ ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አጣ። ሰውዬው እኛን አይቶ «በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

እሑድ ከማለዳው ጀምሮ ግቢው በሙሉ ተነሥቷል። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የዲላ ሰው ሆኖ በአዲስ አበባ ንጋት ነጠላ ብቻ መልበስ ሞኝነት ነው። ሕፃኑን ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞርኩ፣ ሰይጣንን ስለ እሱ ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ፣ ስለ እሱ አመንኩ። ውሃው ሲነካው የጮኸው ጩኸት እስከ አጥሩ ተሰማ። ቅብዓ ሜሮኑን ከመቀባቱ በፊትም በነጭ ልብሴ ላይ ሽንቱን ለቀቀብኝ። ካህኑ ፈገግ ብለው «እንግዲህ ልጅዎ ሆነ» አሉኝ። ማተቡን አሰሩለት፤ የክርስትና ስሙም ተክለ ማርያም ተባለ።

ከዚያ ካህኑ ለእኔና ለሌሎቹ የክርስትና ወላጆች አጭር ነገር ተናገሩ። «የክርስትና አባት ማለት በእግዚአብሔር ፊት ዋስ ማለት ነው» አሉ። ሌላው ሰው ብዙ ጊዜ የሰማው ነገር ይሆናል። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ችሎት ላይ ስቀመጥ ዋስ የሚጠራው ከውጭ ነበር። ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን አላየሁም፤ ሕጉም አይፈቅድም። የማምነው አምላክ ያደረገው ግን ልክ ይህንኑ ነው። ጥፋቱን ጥፋት ነው ብሎ ፈረደ፤ ፈርዶም ወንበሩ ላይ አልቀረም፣ ወርዶ ከጥፋተኛው ጎን ቆመ። ለዘመናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ያስጨነቁኝ፣ ፍቅሩና ፍርዱ፣ በአንድ ሰው ፊት ላይ እንዴት አብረው እንደሚታዩ ቅዳሜ ዕለት ጋራዥ ሰፈር አይቻለሁ። ሁሉም ገባኝ አልልም። የማልፈራውን ያህል ግን ገብቶኛል።

ግብዣው ግቢው ውስጥ በተጣለ ድንኳን ነበር። ዶሮ ወጡን የሠሩት የፍሬሕይወት አክስት ናቸው፤ ለሙስሊም ጎረቤቶች ደግሞ እዚያው ግቢ የሚኖሩ አንዲት ሙስሊም ወይዘሮ ለብቻ አዘጋጅተዋል፣ ዶሮውን ባርኮ ያረደላቸውም ልጃቸው ነው። አንዱ ጎረቤት ሕፃኑን እያየ «አያቱ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደረጀ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ «ፈርጄባቸው ነው የመጡት» ብሎ መለሰለት። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰኞ ንጋት ላይ አውቶቡሴን የያዝኩት ከመስቀል አደባባይ ነው። ሰው ሁሉ እየሮጠ ነው፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሴቱ፣ ወንዱ። እኛ ዘንድ ሰው በዚያ ሰዓት ከሮጠ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ደነገጥኩ። ደረጀ «ስፖርት ነው ጋሼ» ብሎ አረጋጋኝ። ፍሬሕይወት የቋጠረችልኝን ድፎ ዳቦ አስያዘኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁን አንሥቶ ቆሞ ነበር፣ እስኪሰወረኝ ድረስ። መንገዱ በሙሉ ሰላም ነበር፣ ጎማም አልፈነዳም።

ዲላ ስገባ ዝናብ ነበር። አስካለ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ዳቦውን ቆርሳ ቀመሰችና «አዲስ አበባም ዳቦ ይችላሉ ለካ» አለች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የአምስቱን ዓመት፣ የሰባቱን፣ የሳቁን፣ የእናቱን። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ይህን ነገር ይዘህ ከእኔ ጋር ኖርክ?» አለችኝ።

«አፍሬ ነው።»

መቆጣቷ ፊቷ ላይ ይታያል፤ መቆጣትም ይገባታል። ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሌላ ዳቦ ቆረሰችና ለእኔ አቀበለችኝ።

«ደውልላቸው» አለች፣ «ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሰው ነን በላቸው።»